ባለማይክ የተረጎመው አባት

ጥቅምት 9

ለማከብርህና ለምወድህ ለጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ደረጃ መውጣት ተሻለው? ፈጣሪ ከሰው ዓይንና ከብርድ ይጠብቅህ። እኔና ልጄ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም። ስልክ ብደውል ብደውል አታነሳም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትህ ደግሞ «ደህና ነው፣ አሁን ወጣ» ትለኛለች፤ ባለፈው ወር ብቻ ስድስት ጊዜ አሁን ወጥተሃል። ስለዚህ እንዳልከው በወረቀት መጣሁ።

ቅዳሜ ዕለት ያየሁትን ካንተ በቀር የማወራለት ሰው የለኝም። ከልብስ ማጠቢያው ሥራ ዕረፍት ስለነበረኝ ልጄን ሲኒማ ወሰድኳት። እዚህ አገር ዘጠኝ ዓመት ስኖር ሲኒማ ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ላደገች ልጅ ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥፍ ውዬ ሌላ ነጭ ጨርቅ ላይ ማፍጠጥ አያምረኝም ነበር።

ፊልሙ የካርቱን ቀልድ ነው። ተረቱን አንተው ነህ ያስተማርከኝ፤ ጫካ ውስጥ የቀሩት ወንድምና እህት፣ የዳቦው ፍርፋሪ፣ ከኬክ የተሠራው ቤት፣ አሮጊቷ ጠንቋይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ልጆች የምታሳየን ያ ካሴት። ማይክህን ይዘህ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ትቆምና ለሁሉም ድምፅ ታወጣለታለህ፤ ለአሮጊቷም፣ ለወፎቹም፣ ለበሩም ሳይቀር። የአሁኑ ግን ለሳቅ የተሠራ ነው። ጠንቋይቱ ጣፋጭ ሲበዛባት ጥርሷ ሁሉ ረግፎ የራሷን ቤት መብላት አቅቷታል፤ ሾርባ ብቻ ነው የምትጠጣው። ቁራዎቹ ፍርፋሪውን የሚለቅሙት አንገታቸው ላይ ፎጣ አስረው፣ እየተጋበዙ ነው። ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ አባትየው መጣ። ልጆቹን ጫካ ሊጥላቸው ነው፤ ከመሄዱ በፊት ግን መስታወት ፊት ቆሞ ውሸቱን ይለማመዳል። «ልጆቼ፣ እዚህ ጠብቁኝ፣ ቶሎ እመጣለሁ» ይላል። አላማረውም። ፊቱን አስተካክሎ በሌላ ድምፅ ይደግመዋል። አህያውን ጠርቶ የትኛው እንደሚሻል ያማክረዋል። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ልጄ ወደ እኔ ዞር ብላ ሊዋሻቸው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም፣ ይጠፉበታል እንጂ አይጥላቸውም፣ ኋላ ሲፈልጋቸው ታዪዋለሽ አልኳት። «ራሱ ተናገረ እኮ፤ አልሰማሽም?» አለችኝ። ከፊታችን ያለችው ሴትዮ ዝም በሉ ብላ ተቆጣችን። እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ። አልፈለጋቸውም።

ጋሼ፣ አንተ የተረጎምከው አባት ጫማው እስኪያልቅ ጫካውን ሲዞር አልነበረም? የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያለቀሰው ለእሱ ነው። ያ ካሴት ሌላ ነበር ወይስ ቋንቋው አስቸግሮህ ነው?

ምን ልላክልህ? ሳትግደረደር ንገረኝ። «ትንሿ ዳኛ» ያልካት ልጄ ጉልበትህን ትስማለች።

ያሳደግካት ልጅህ

ኅዳር 14

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ እጅሽ አይዛል፣ ያጠፍሽው አንሶላ የሚድን ሰው ይልበሰው። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት እንደ አሮጌ ቤት ነው፤ አንዱን ስትደግፊው ሌላው ያዘማል።

ቋንቋው አስቸግሮህ ነው ወይ ላልሽው፣ በጭራሽ አላስቸገረኝም፤ ምክንያቱም አላውቀውም። ሃያ ሁለት ዓመት ስተረጉም የማውቀው «እሺ»ን፣ «እምቢ»ንና «እጅ ወደ ላይ»ን ብቻ ነበር። የቀረውን ፊታቸው ይነግረኛል። ባል ቤቱ ሲገባ በሩን እንዴት እንደዘጋው ካየሁ የሚናገረው አይጠፋኝም። አንድ ጊዜ ሁለት ሽማግሌዎች በመሬት ሲካሰሱ ተረጎምኩ። ኋላ አንድ አስተማሪ መጥቶ አንደኛው ሐኪም መሆኑን፣ ሌላውን በሽታህ አይድንም እያለው እንደነበር ነገረኝ። ምን ላድርግ? ሕዝቡ መሬቱን ማን እንደሚወስድ ለማየት ጓጉቷል። ለበሽተኛው ፈረድኩለትና መሬቱን ወርሶ ሞተ። ማንም ቅር አላለውም።

ስለ አባትየው አትብሰልሰይ። ተረት ነው፤ አንዱ እንዲህ ይሠራዋል፣ ሌላው እንዲያ። ሲኒማ የገባሽው ልትስቂ አይደል? ሳቅሽ፣ በቃ።

ምን ልላክ ካልሽ ዘንድ ዓይኔ ደክሟልና ለቅርብ የሚሆን መነጽር ላኪልኝ። የትንሿ ዳኛ የፊት ጥርስ በቀለ? ስልኩን ግን ተይው። ስልክ ላይ ሰው «እሺ፣ እሺ» ተባብሎ ይዘጋል፤ ወረቀት ቁም ነገር ይይዛል።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 20

ለጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ በጤና፣ በሞቀ ክፍልና በጥሩ እንቅልፍ ያግኝህ። መነጽሩን ለአንድ መንገደኛ ሰጥቻለሁ፤ የእሱን ስልክ ቁጥር ለልብስ ሰፊዋ ነግሬያታለሁ። የልጄ ጥርስ በቅሏል፣ ትንሽ ጠመም ብሎ።

ስለ አባትየው አትብሰልሰይ ብለኸኝ ነበር። እንቢ አለኝ። ከልጄ ትምህርት ቤት መጽሐፉን ተዋስኩ። መጽሐፉም ላይ አባትየው እያወቀ ነው የሚጥላቸው። ከዚያ ሥራ ቦታ ጠየቅሁ። እዚያ ስድስት ሴቶች ነን፣ የመጣነው ከስድስት አገር። አንሶላ ሲታጠፍ ሁለት ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን ነው፤ ስንቀራረብ እናወራለን፣ ስንራራቅ ዝም እንላለን። ተረቱን ሁሉም ያውቁታል። የአንዷ ፍርፋሪው አመድ ነው፤ የሌላዋ ልጆቹ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ መተኮሻው ላይ ያለችው ባልቴት ዘንድ የኬክ ቤት የሚባል ነገር የለም። አባትየው ግን በሁሉም ያው ነው። ያንን ሰውዬ በነፃ ያሰናበትከው በዓለም ላይ አንተ ብቻ ነህ።

ይህንንም እንደ ጨዋታ ልተወው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ልጄ ከትምህርት ቤት ለሽርሽር አንድ ሌሊት ልታድር ሆነ፤ ልብሷን ሸከፍኩ። ሁለት ቀሚስ፣ የሌሊት ልብስ፣ ካልሲ። ሻንጣውን ስዘጋ እጄ ቆመ።

መናኸሪያው ትዝ አለኝ። አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ አግዳሚ ላይ አስቀምጦኝ «እዚህ ጠብቂኝ፣ ዳቦ ገዝቼ መጣሁ» አለኝ። መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለእኔ ዳቦ ሊያመጣ እንደሞተ ሳስብ ኖሬአለሁ፤ ለልጄም እንዲሁ ነግሬያታለሁ። ግን አጠገቤ አንድ ጥቅል ነበር። ውስጡ ያለኝ ልብስ ሁሉ ነበር፣ የጠበበኝ ቀይ ሹራብ ሳይቀር፣ የክትባት ካርዴም ጭምር። ዳቦ ለመግዛት የሚሄድ ሰው የልጁን የክትባት ካርድ ምን ያደርግለታል?

ጋሼ፣ አባቴ ያን ቀን ነው የሞተው? መቃብሩን አሳየኝ ባልኩህ ቁጥር «ሩቅ ነው» ያልከኝ ለምን ነበር? ጥሎኝ ከሆነ ንገረኝ። ከእንግዲህ ልጅ አይደለሁም፤ የማላውቀውን ለልጄ ማውራት ነው ያስጠላኝ።

ልጅህ

የካቲት 3

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ፈጣሪ ልብሽን ያሳርፈው። መነጽሩ ደርሶኛል፤ ከመጠን በላይ ጥሩ ነው። እስከዛሬ ያላየሁትን የግድግዳ ስንጥቅ ሁሉ አሳየኝ።

ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። የፊልሙ ነገር አሳስቦኛልና የሚገኝ ከሆነ ሲዲውን ላኪልኝ። ልብስ ሰፊዋ ማጫወቻ አላት። ዓይቼው እጽፍልሻለሁ። ሌላው ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

አጎትሽ

የካቲት 25

ለጋሼ፣

ሲዲው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ልጄ ሽፋኑ ላይ ያሉትን ቁራዎች በስክሪብቶ መነጽር አድርጋላቸዋለች፤ አትቆጣት።

ልብስ ሰፊዋን ትናንት አስጨነቅኳትና አለቀሰች። ሰኔ ላይ ጉሮሮህን እንደቀደዱህ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፅ እንደሌለህ ነገረችኝ። ስምንት ወር ሙሉ። እኔ ስልክ ስደውል አጠገቧ ተቀምጠህ በእጅህ «ወጣ በዪያት» ትላታለህ አሉ። ጋሼ፣ ያንን ድምፅ እኔ አላውቀውም? ለበር ድምፅ ታወጣለት የነበርክ ሰው ለእኔ «ታመምኩ» የምትል አንዲት መስመር እንዴት አጣህ? በጣም አዝኜብሃለሁ።

ፊልሙን ልኬአለሁ፤ መልሱን ላክልኝ።

ልጅህ

መጋቢት 19

ለልጄ፣

ፈጣሪ ትዕግሥት ይስጥሽ። ከዚህ የተሻለ ምርቃት ለዛሬ የለኝም።

የጉሮሮዬ ነገር እውነት ነው። ያልነገርኩሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ነበር። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ስትመጪ አጠገቤ ተቀምጠሽ የምትጠይቂኝን አውቀዋለሁ።

ፊልሙን ልብስ ሰፊዋ ቤት አየሁት። ቁራዎቹ ጋ ሳቅሁ፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ ግን ለሚያየው ያስፈራል መሰለኝ፣ ውኃ አመጣችልኝ። መስታወቱ ጋ ሲደርስ ሪሞቱን ተቀብዬ አቆምኩት። ምን ሆንክ አለችኝ። ወረቀት ላይ «ይሄ ሰውዬ ይሻላል» ብዬ ጻፍኩላት። ቢያንስ ተለማምዶ ነው የሚዋሸው። እኔ የዋሸሁሽ ሳልለማመድ ነው።

አባትሽ ያን ቀን አልሞተም። ትቶሽ ነው የሄደው።

እናትሽ፣ እህቴ፣ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። አባትሽ ሌላ ሴት ሊያገባ ነው፤ ሴትየዋ ልጅ ያለበት ቤት አልገባም ብላለች። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ማክሰኞ ቀን፣ ቪዲዮ ቤቱ ሳይከፈት፣ ወንበር ስደረድር መጣ። ግንበኛ ስለሆነ እጁ ሥራ አይፈታም፤ አብሮኝ ወንበር እየደረደረ «የእህትህ ልጅ ናት፣ ውሰዳት» አለኝ። እኔ ምን እንዳልኩት ልንገርሽ። «ወንደላጤ ነኝ። ያለኝ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ። የወለደ ያሳድግ» አልኩት። ደግሞ ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ አይደለም፤ ደግሞ እንዳይለምነኝ ነው። የያዘውን ወንበር አስቀምጦ ሄደ።

ዓርብ አንድ ሻይ ሻጭ መጣና፣ አንድ ሰው ልኮኝ ነው፣ ልጅቷ መናኸሪያ ናት አለኝ። ሮጥኩ ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። አልሮጥኩም። በግድ ሊሰጠኝ ነው ብዬ እልህ ያዘኝ። ፊልም ጀምሬ ነበር፤ እስኪያልቅ ተረጎምኩ። ከዚያም ሁለተኛውን አስጀመርኩ። ስደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ አንቺ ከጠዋት ጀምሮ ነው የተቀመጥሽው። ሽንትሽ አምልጦሽ እንኳ ከአግዳሚው አልተነሳሽም። «ጠብቂኝ ብሎኛል» አልሽኝ። አባዬ የታለ ስትዪኝ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። ሕፃንን አባትሽ አልፈለገሽም ከማለት ሞተ ማለት ቀለለኝ። ለአንቺ አዝኜ ይሁን ለራሴ እስከዛሬ አልለየሁትም። ምክንያቱም እሱ አለ ካልኩ እኔም እምቢ ማለቴን መናገር ነበረብኝ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ያንን ካሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየሁት አንድ ቅዳሜ ነው። አንቺ ከፊት፣ ምንጣፉ ላይ ነበርሽ። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ የበሩ መጋረጃ ተገለጠና ብርሃን ገባ። ቀና ስል አባትሽ ነው። የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከእኔ በቀር ያወቀው የለም። ቴሌቪዥኑ ላይ ያ አባት ልጆቹን ትቶ ወደ ኋላ ሳያይ እየሄደ ነው። ቋንቋ ባላውቅም ይሄ አይጠፋኝም። ማይኩን ከአፌ አወረድኩት። ልጆቹ «ባለማይክ፣ ምን አለ?» ይሉኛል። ያን ጊዜ ነው የተረጎምኩት። «ልጆቼ ጠፉብኝ፤ ዕድሜ ልኬን ቢሆን እፈልጋቸዋለሁ። ባገኛቸው ይቅር ይሉኛል፤ ልጅ ይቅር ይላል» አልኩ። እንዲህ የሚል ነገር ካሴቱ ላይ አልነበረም። የተናገርኩት ለእናንተ አልነበረም፤ ለኋላው አግዳሚ ነበር። እናንተ ከፊት ታለቅሳላችሁ። እሱ ፊልሙ ሳያልቅ ተነስቶ ወጣ፣ ዳግመኛም አልመጣም። እኔ ግን ካሴቱን ባሳየሁ ቁጥር እንደዚያው አልኩ፣ ምናልባት መጋረጃው ይገለጥ እንደሆነ ብዬ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በሌላ ከተማ፣ ግንብ ሲሠራ በነበረበት፣ ታሞ ሞተ። ወሬው ሲደርሰኝ አንቺ አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር፣ ፈተና ላይ ነበርሽ። ለአንቺ አንድ ጊዜ ሞቷል፤ ሁለተኛ መግደል አቃተኝ።

ከዚህ ሌላ የደበቅሁሽ የለም። ምንም እንድትልኪልኝ አልፈልግም።

አጎትሽ

ሐምሌ 6

ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዝም ያልኩት ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ ቀርቶ አይደለም። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ደርሶኛል። ሥራ ቦታ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት፤ ቤቴ ላስገባው አልቻልኩም።

አባቴ ጥሎኝ መሄዱን ሳነብ የጠበቅሁትን ያህል አልደነገጥኩም። ሲኒማው ውስጥ ነው የደነገጥኩት። ያላወቅሁት የእርስዎን ነበር። እኔ ያን አግዳሚ ሳልለቅ እርስዎ ሁለት ፊልም መተርጎምዎን። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፣ የአንሶላውን ጫፍ እለቀዋለሁ፣ ከእኔ ጋር የምታጥፈው ሴትም ምን ሆንሽ ትለኛለች። ከዚያ ደግሞ ያቺን አንዷን አልጋ ለእኔ ለቀው አሥራ ሦስት ዓመት መሬት ላይ የተኙት እርስዎ መሆንዎ ትዝ ይለኛል። ሁለቱን ሰዎች አንድ ማድረግ አልሆነልኝም። እየሞከርኩ ነው።

ለልጄ እውነቱን ነገርኳት። አያትሽ ዳቦ ሊገዛ አልነበረም አልኳት። ብዙ አልጠየቀችም። «ታዲያ ማን መጥቶ ወሰደሽ?» አለችኝ። እርስዎ መሆንዎን ነገርኳት። ዘግይተው መሆኑን ግን አልነገርኳትም።

ሐኪሙ ምን እንዳለ ይጻፉልኝ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ከዚህ በኋላ ስለ እሱ አልጠይቅዎትም። ያን ቅዳሜ አባቴ ተነስቶ ሲወጣ፣ በሩ ጋ ሲደርስ፣ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ? እባክዎን አይተርጉሙልኝ። የሆነውን ብቻ ይጻፉልኝ።

ነሐሴ 1

ለልጄ፣

አንቺን የጠበቀ ልጅሽን ይጠብቅ።

«እርስዎ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከአምስት ዓመትሽ ጀምሮ «አንተ» ስትዪኝ ኖረሽ፣ መጀመሪያ ሳነበው ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎኝ ፖስታውን አገላብጬ አየሁ። አልተቀየምኩም፤ የእጄን ነው ያገኘሁ።

ሐኪሙ በሽታው ተመልሷል ብሏል። ሁለተኛ የሚቀደድ ነገር የለም። ዓመት እንደማልደርስ ነግሮኛል። ልብስ ሰፊዋ ሾርባ ታመጣልኛለች፣ የምትሰፋውን ይዛ እየመጣች አጠገቤ ትውላለች። ብትመጪ ደስ ይለኛል። ባትመጪም አልፈርድብሽም።

አሁን የጠየቅሽኝን። ሦስት ቀን ይዤው ተቀመጥኩ። አባትሽ ተነሳ። በአግዳሚዎቹ መሃል አልፎ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና ባርኔጣውን አደረገ፣ በግራ እጁ መጋረጃውን ገለጠ። አንቺ ያን ጊዜ እያለቀስሽ ተነስተሽ ቆመሽ ነበር፤ ከኋላሽ ያሉት ልጆች ተቀመጪ፣ ከለልሽን እያሉ ይጮኹብሽ ነበር። ከተቀመጡት መሃል የቆምሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ዞር ቢል ያይሽ ነበር። አይቶሻል ብዬ ብጽፍልሽ የሚያሳጣኝ ሰው የለም። እሱ የለም፣ እኔም መንገድ ላይ ነኝ። ሁለት ጊዜ ጽፌው ሁለቴም ቀደድኩት።

እሱ አላየሽም፣ ልጄ። እኔን አየኝና ወጣ።

አጎትሽ